ከካቻቢቴ በፊት፦ ድምፁ የት ገባ?

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተማክረው የመጡ ይመስላሉ። ግማሾቹ አንድ ነገር ነው የሚሉት፦ ሞኒተሩ ሥዕል ያሳያል፤ ድምፅ ግን የለም። ስለዚህ የፕሪንተሮቹንና የተሰነጠቁ ስክሪኖቹን ለሌላ ጊዜ አቆይቼ ዓምዱን ሙሉ ለድምፅ ሰጥቼዋለሁ።

ለአዲስ አንባቢ፦ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ፤ 19 ዓመት ሆነኝ። ሱቄ መገናኛ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን ነው። የዓምዱ ስም ከአንድ ጥፋቴ የመጣ ነው። እሱንም ከታች እናዘዛለሁ።

*

«ሰላም ጋሼ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ብዙ ጊዜ ከቤት ነው የምሠራው። የላፕቶፕ ስክሪን ዓይኔን ስላደከመኝ መርካቶ ሄጄ ያገለገለ 24 ኢንች ሞኒተር ገዛሁ። ሥዕሉ መስታወት ነው። ግን ከሰካሁት ጀምሮ ላፕቶፔ ዲዳ ሆነ። ሰፈር ያለ ሱቅ ብወስደው ‹ቫይረስ ነው› ብለው ፎርማት አደረጉልኝ። እዚያ ሲሞክሩት ድምፁ ሠራ። ቤት ገብቼ ሞኒተሩን ስሰካው እንደገና ጠፋ። ስነቅለው ይመለሳል። አሁን ‹ሳውንድ ካርዱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር› እያሉኝ ነው። ልቀይረው?»
ከሳሪስ

እህቴ፣ አትቀይሪ። አንዲት ብር እንዳታወጪ።

መልሱን ራስሽ ጽፈሽልኛል፤ «ስነቅለው ይመለሳል» ብለሻል። የተቃጠለ ነገር ኬብል ስለተነቀለ አይድንም። ቫይረስም ሞኒተር መጣ ብሎ ሥራ አይጀምርም። ላፕቶፕሽ ጤነኛ ነው። የቀየረው ድምፁን የሚልክበትን ቦታ ነው።

የሰካሽው ኬብል ኤችዲኤምአይ ይመስለኛል። ይህ ኬብል ሥዕልም ድምፅም ይሸከማል። ሞኒተር እንደተሰካ ለላፕቶፑ መታወቂያውን ያሳያል። ስሜ እንዲህ ነው፣ ስፋቴ ይህን ያህል ነው፣ ድምፅም እቀበላለሁ ይለዋል። ላፕቶፑ ይህን ካየ «እንግዲያው ድምፁን አንተ ያዝ» ብሎ ያስረክበዋል። የራሱን ስፒከር ያሳርፋል። አንቺን አይጠይቅም። ሱቅ ሲወሰድ የሠራውም ለዚህ ነው፤ ላፕቶፑን ብቻ ነበር ይዘሽ የሄድሽው። ሞኒተሩ ሳሪስ ቀርቷል።

ማስተካከሉ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ዊንዶስ 10 ከሆነ ከታች በቀኝ በኩል፣ ሰዓቱ አጠገብ ያለችውን የስፒከር ምልክት ክሊክ አድርጊ። ከድምፅ መስመሩ በላይ አንድ ስም ታያለሽ። እሱን ስትነኪው ዝርዝር ይከፈታል። አንደኛው ስም የሞኒተሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ነው። ሌላው «ስፒከርስ» ይላል፤ አጠገቡ የላፕቶፑ የድምፅ ቺፕ ስም፣ «ሪያልቴክ» የሚል አይጠፋም። እሱን ምረጪ። ዊንዶስ 11 ላይ ደግሞ የዊንዶስ ቁልፉንና ኮንትሮልን ይዘሽ ቪን ብትጫኚ ዝርዝሩ ራሱ ይመጣልሻል።

ነገ ተመልሶ ወደ ሞኒተሩ ቢዘልብሽ በዊንዶስ 11 ሳውንድ ሴቲንግ ውስጥ የሞኒተሩን ስም ክፈቺና «ዶንት አላው» የሚለውን ተጫኚ። ከዚያ በኋላ አይነካውም።

ይህ ሁሉ ድምፁ ከላፕቶፑ እንዲወጣ ከፈለግሽ ነው። «የለም፣ ከሞኒተሩ ይውጣልኝ» ካልሽ ግን ከሁሉ በፊት ሞኒተሩ ስፒከር አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ። አትሳቂ። ይህን ሳልጠይቅ ነው እኔ የተዋረድኩት።

የዛሬ 17 ዓመት ገደማ ነው። ሱቄ ያኔ ፒያሳ ነበር፤ ዛሬ ቤቱም የለም፣ ፈርሷል። አንድ ትልቅ ሰው «ስፒከሩ ሞቷል» ብለው ሞኒተር አመጡ። ከታች በኩል ቀጫጭን ስንጥቆች ተደርድረዋል፤ የስፒከር ወንፊት ይመስላሉ። ካቻቢቴዬን አነሳሁ። ሞኒተር ከፍቶ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብሎኑ ጥቂት ነው፣ የሚበዛው የፕላስቲክ ጥርስ ነው። «ቀጭ» ሲል ሆድ ይበላል። ሁለት ጥርስ ሰበርኩ። ከፈትኩት። የፓወር ቦርድ አለ፣ ትንሽ የሥዕል ቦርድ አለ፣ ብርማ ወረቀት አለ። ስፒከር የለም። ስንጥቆቹ ሙቀት ማስወጫ ነበሩ።

ሰውየው ራሴ ላይ ቆመዋል። ጎንበስ ብለው አዩና «ስፒከሩን ማን ወሰደው?» አሉኝ።

ግማሽ ሰዓት ማልኩ። በመጨረሻ ከጎረቤት ሱቅ የዚያው ሞዴል ሌላ ሞኒተር ለምኜ አምጥቼ፣ እሱም ከፈት ተደርጎ ሲታይ ነው ያመኑኝ። የሁለተኛውን ጥርስ ግን አልሰበርኩም።

ታዲያ ስፒከር ከሌለው ኮምፒውተሩ ለምን ድምፅ ይልክለታል? ምክንያቱም ከጀርባው የሄድፎን ቀዳዳ አለው። መታወቂያው ላይ «ድምፅ እቀበላለሁ» ያለው በእሷ ቀዳዳ ተማምኖ ነው። ስለዚህ አንቺም እንዲህ ሞክሪ። ድምፁን ወደ ሞኒተሩ መልሺው፤ ዘፈን ክፈቺ፤ የስልክሽን ኤርፎን ሞኒተሩ ጀርባ፣ የሄድፎን ምልክት ያለበት ቀዳዳ ላይ ሰኪው። ከተሰማ ድምፁ ሞኒተሩ ድረስ በሰላም ደርሷል፤ የጎደለው አፍ ብቻ ነው። ትንንሽ የጠረጴዛ ስፒከር ገዝተሽ እዚያችው ቀዳዳ ላይ ሰክተሽ ተገላገይ።

በኤርፎንም ካልተሰማ ወደ ሞኒተሩ ሜኑ ግቢ። ያገለገለ ሞኒተር የቀድሞ ባለቤቱን ጠባይ ይዞ ነው የሚመጣው። ብዙዎቹ የቢሮ ናቸው፤ ቢሮ ደግሞ ጫጫታ አይወድም፣ ቮሊዩሙን ዜሮ አድርጎ ነው የሚልካቸው። አንዱ ደንበኛዬ ያመጣው ሜኑው በሙሉ ጀርመንኛ ነበር። «ላውትሽቴርከ» የሚለው ቮሊዩም መሆኑን ያወቅነው የስፒከር ሥዕል ስለነበረው ነው። ከ0 ወደ 80 ስናደርገው ሱቁ ተናወጠ። ቋንቋው ካስቸገረሽ ወደ ፋብሪካ ሴቲንግ የሚመልስ ምርጫ ሜኑው መጨረሻ አካባቢ አይጠፋም።

ሜኑው ውስጥ ቮሊዩም የሚባል ነገር ጭራሽ ከሌለ ደግሞ አትድከሚ። ያ ሞኒተር ድምፅ የሚባል ነገር አያውቅም።

*

«ጋሼ ጅማ ነው የምማረው። ዴስክቶፕ አለኝ። ሞኒተሬ ስፒከር እንዳለው አውቃለሁ፣ በጓደኛዬ ላፕቶፕ ሠርቷል። በእኔ ኮምፒውተር ግን ዝርዝሩ ውስጥ የሞኒተሩ ስም የለም። የሪያልቴክን ድራይቨር አምስት ጊዜ አውርጄ ጫንኩ። ፓኬጄ አለቀ። ምን ቀረኝ?»
ጂ፣ ከጅማ

ወንድሜ፣ ያንኳኳኸው የጎረቤትን በር ነው። ሪያልቴክ ስለ ኤችዲኤምአይ የሚያውቀው የለም። እሱ ኃላፊነቱ በቀጭኗ ክብ ቀዳዳ ለሚወጣው ድምፅ ነው።

ይህን ብዙ ጠጋኞችም ይስቱታል፤ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው። ኤችዲኤምአይ ጫፉ ላይ 19 እግሮች አሉት። ከነሱ ውስጥ «ይህ የድምፅ ነው» ተብሎ ለዘፈን የተለየ የለም። ድምፁ የሚጓዘው ሥዕሉ በሚጓዝበት መስመር ላይ ነው። ሥዕል ሲላክ በእያንዳንዱ መስመርና በእያንዳንዱ ምስል መሃል ትንንሽ ባዶ ጊዜዎች አሉ። ድምፁ ተቆራርሶ በነዚያ ክፍተቶች ይሞላል። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ረዳት ወንበሩ ከሞላ በኋላ በየክፍተቱ ጆንያ እንደሚሸጉጠው ማለት ነው። እንግዲህ ሥዕሉን የሚጭነው ግራፊክሱ ከሆነ ድምፁንም የሚሸጉጠው ያው ግራፊክሱ ነው። ድራይቨሩም፣ ማለትም ዕቃውን ከዊንዶስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ከግራፊክሱ ጋር ነው የሚመጣው።

አሁን ፓኬጅ ስለሌለህ ከነጻው እንጀምር።

ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈት። «ሳውንድ፣ ቪዲዮ ኤንድ ጌም ኮንትሮለርስ» የሚለውን ዘርጋ። እዚያ «ኢንቴል ዲስፕሌይ ኦዲዮ» ወይም «ኤንቪዲያ ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ» ወይም «ኤኤምዲ ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ» የሚል መኖር አለበት። ካለና ትንሽ ወደ ታች የምታመለክት ቀስት ካለችበት ሰው አጥፍቶታል ማለት ነው፤ ራይት ክሊክ አድርገህ «ኢኔብል» በል። ቢጫ ምልክት ካለበት ድራይቨሩ ታሟል። ጭራሽ ከሌለ የግራፊክስ ድራይቨርህ አልተጫነም፤ ዊንዶስ በጊዜያዊ ድራይቨር ሥዕል ብቻ እያሳየህ ይሆናል። ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር ላይ ይህ የዕለት ተዕለት ነገር ነው።

ከዚያ የድሮውን የሳውንድ መስኮት ክፈት፤ «ፕሌይባክ» የሚለው ገጽ ላይ ባዶው ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርግና «ሾው ዲሴብልድ ዲቫይስስ» የሚለውን ምረጥ። ተደብቆ የነበረ ስም ብቅ ካለ አንድ ሜጋ ባይት ሳታወጣ ተገላገልክ።

አሁን ደግሞ ጠረጴዛ ሥር ግባ። የሲፒዩውን ጀርባ እይ። ከሲፒዩው የሚወጣው ቀዳዳ ሰፊና ብዙ ጊዜ ነጭ ከሆነ፣ ከአንድ ጎኑም ጠፍጣፋ ስንጥቅ ካለው እሱ ዲቪአይ ነው። ከዲቪአይ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ኬብል ሥዕሉን በደንብ ያደርሳል፤ ድምፁን ግን በመደበኛው አይሸከምም። አንዳንድ ግራፊክስ ካርዶች በዚህም ድምፅ ይልካሉ፤ አትመካበት። ኤችዲኤምአይ ወይም ዲስፕሌይ ፖርት ቀዳዳ ካለው ወደዚያ አዛውረው። በጓደኛህ ላፕቶፕ የሠራው በየትኛው ኬብል እንደሆነ አልጻፍክም፤ መልሱ እዚያ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ካልሆነ ብቻ ፓኬጅ ግዛ። አንድ ጊዜ፣ የግራፊክሱን ድራይቨር፣ ከአምራቹ ገጽ። ከተቻለ በግቢው ዋይፋይ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ መጥቶ፣ አረንጓዴው መስመር እየተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን ከሌለ፣ የሞኒተሩን ስም ራይት ክሊክ አድርገህ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «አድቫንስድ» የሚለው ጋ ግባ። ጥራቱን 16 ቢት፣ 48000 ኸርዝ አድርገው። እስከ 192000 የሚደርስ ጥራት አለኝ ባይ ኮምፒውተር ብዙ ነው፤ ሞኒተር ግን ምስኪን ነው፣ 48000 ይበቃዋል።

*

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ልጄ ላፕቶፕ ሰጠችኝ። የድሮው ሞኒተሬ ሰማያዊ፣ ባለ 15 እግር ገመድ ስላለው ኮንቨርተር ገዛሁ። ሥዕል መጣ፤ ድምፅ የለም። ሞኒተሩ ግን ግራና ቀኝ ስፒከር አለው፤ ድሮ በዴስክቶፑ ቅዳሴ የምሰማበት ነበር። ሻጩ ‹ኮንቨርተሩ ኦርጅናል ስላልሆነ ነው› ብሎ ሁለተኛ ሸጠልኝ። ያው ነው።»
ከባሕር ዳር

የኔታ፣ ሦስተኛ እንዳይገዙ።

ሰማያዊው ቪጂኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ነው፤ በእኛ 1979፣ ኢሕዲሪ ከመታወጁ ጥቂት ወራት በፊት መሆኑ ነው። ሥዕል ለማስተላለፍ ተሠራ፤ ሥዕል ያስተላልፋል። ድምፅ በዚያ ገመድ አልፎ አያውቅም፤ ኦርጅናል ቢሆንም፣ ወርቅ ቢቀባም። እርስዎ ድሮ ቅዳሴ ሲሰሙ ድምፁ የሚመጣው በሌላ ቀጭን ገመድ ነበር። ዴስክቶፑ ሲወገድ አብሮ የተወገደ ይመስለኛል።

የሚያስፈልግዎት ያ ገመድ ነው። ሱቅ ሄደው «አውክስ ኬብል፣ ወንድ ለወንድ» ቢሉ ይሰጡዎታል። ሁለቱም ጫፍ የኤርፎን ጫፍ ይመስላል። አንዱን ጫፍ ሞኒተሩ ጀርባ ይሰኩት። እዚያ ሁለት ቀዳዳ ካለ ይጠንቀቁ፤ የሄድፎን ሥዕል ያለበት ድምፅ ማስወጫ ነው፣ እሱ አይደለም። «ኦዲዮ ኢን» የሚለው፣ ብዙ ጊዜ ፈዛዛ አረንጓዴ የሆነው ነው የእርስዎ።

ሌላኛውን ጫፍ ላፕቶፑ ላይ ከመሰካትዎ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ፤ እኔ በጣም የምወዳት ዘዴ ናት። የሞኒተሩን ቮሊዩም ከፍ ያድርጉና በአየር ላይ ያለውን የገመድ ጫፍ በጣትዎ ይንኩት። አያሳስብዎ፣ አይነዝርም። ስፒከሩ «እዝዝዝ» ካለ ሕያው ነው። ስፒከሩም፣ በውስጡ ያለው ማጉያም ደህና ናቸው ማለት ነው። ዝም ካለ ሜኑ ውስጥ ቮሊዩሙንና ሚዩቱን ይዩ።

እዝ ካለልዎት ጫፉን ላፕቶፑ የኤርፎን ቀዳዳ ላይ ይሰኩ። አሁንም ካልመጣ ላፕቶፑ ድምፁን ወደ ኮንቨርተሩ እየላከ ይሆናል። ለሳሪሷ ልጅ የጻፍኩትን ዝርዝር ከፍተው «ስፒከርስ» ወይም «ሄድፎን» የሚለውን ይምረጡ። ኮንቨርተርዎ ጎኑ ላይ ራሱ ክብ ቀዳዳ ካለው ደግሞ ገመዱን እዚያ ሊሰኩትም ይችላሉ፤ ያኔ ከዝርዝሩ ኮንቨርተሩን ነው የሚመርጡት።

*

«ብሮ ሰላም ነው? ቢት እሠራለሁ፣ ሐዋሳ። ላፕቶፔን ከሞኒተሩ ጋር በኤችዲኤምአይም በአውክስም አገናኝቼዋለሁ። ድምፅ አለ፣ ግን ከሥሩ ‹ህምምም› የሚል አለ። ማውዝ ሳንቀሳቅስ ራሱ ይጮኻል። ቤዙም አይሰማም። ስፒከሩ ነው የሚቀየረው?»

ሰላም ነው ብሮ። ልጆቼ ይህን ሲያዩ ይስቁብኛል።

ቻርጀርህን ንቀለው። ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ «ህምምም» የሚለው ከጠፋ ስፒከርህ ደህና ነው። ችግሩ የመሬት መስመር ነው። ላፕቶፕህና ሞኒተርህ በኤችዲኤምአይ ተያይዘዋል፣ በአውክስ ተያይዘዋል፣ በመብራቱም በኩል ተያይዘዋል። ቀለበት ሠርተዋል። በዚያ ቀለበት ውስጥ የሚዞረው ትንሽ ኤሌክትሪክ በአውክሱ ገብቶ ይጮኻል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ወፈር ያለ ጉርምርምታ ነው የሚሰጥህ።

አውክሱን አውልቀህ ጣለውና ድምፁን በኤችዲኤምአይ ላከው። አለቀ። በኤችዲኤምአይ የሚሄደው ቁጥር ስለሆነ ጉርምርምታ አይገባበትም። አውክስ የግድ ካስፈለገህ ሁለቱንም ስፒና አንድ ዲቫይደር ላይ ሰካቸው። የቻርጀሩን የግራውንድ እግር የሚቆርጡ ልጆች አይቻለሁ፤ ጩኸቱ ይጠፋል፣ ግን እሱ እግር አንተን ከመነዘር የሚያድን ነው። አትንካው። ስልክህንም ከሞኒተሩ ሥር አታስቀምጥ። ሊደወል ሲል «ጢት ጢጢት» የሚለው እሱ ነው።

ስለ ቤዙ እውነቱን ልንገርህ። አብዛኛው የሞኒተር ስፒከር ሁለት ዋት ነው፤ ስፋቱ ከክብሪት ሳጥን ብዙም አይበልጥ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ጠረጴዛ አዙሮ የተቀመጠ ነው። ዜና ይሰማበታል። ስብሰባ ይሰማበታል። ቢት አይሠራበትም። አንተ «ቤዙ አነሰ» ብለህ ስትጨምር፣ ስትጨምር፣ ሥራህ መኪና ውስጥ ሲከፈት መስታወቱን ያረግፈዋል። ሄድፎን ግዛ።

*

«መብራት ሄዶ ሲመጣ የሞኒተሬ ድምፅ አብሮ አልመጣም። ሥዕሉ አለ።»
ከአዳማ

ሞኒተሩንም ኮምፒውተሩንም አጥፍተው ከግድግዳው ይንቀሉ። ከዲቫይደሩ ማብሪያ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ይንቀሉት። የሞኒተሩን ማብሪያ 15 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። አምስት ደቂቃ ሻይ ይጠጡ። መጀመሪያ ሞኒተሩን፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ያብሩ። ግማሹ በዚህ ይነሳል፤ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ሁለቱ ተደናግጠው መታወቂያ ሳይተያዩ ቀርተው ነው።

ካልተነሳ በኤርፎን ይፈትሹ። በኤርፎን እየተሰማ በስፒከሩ ከሌለ፣ ወይም በሁለቱም ከሌለ፣ ያኔ ካቻቢቴ ያስፈልጋል፤ ግን የእርስዎ አይደለም። ስፒናው ቀጥታ ጀርባው ላይ የሚሰካ ሞኒተር ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር 300 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ ከተነቀለ በኋላም ለጥቂት ጊዜ አይለቅም። ቀኝ እጄ አመልካች ጣት ላይ ትንሽ ምልክት አለች። የእሱ ናት።

*

«ዙም ላይ ብቻ ድምፅ የለም፤ ዩቲዩብ ግን በሞኒተሩ ይሠራል።»

ዙም የራሱ የስፒከር ምርጫ አለው። ከማይክራፎኑ ምልክት ጎን ያለችውን ቀስት ተጫን፤ የትኛው ስፒከር እንደተመረጠ ታያለህ። ሞኒተሩን ምረጥ። ማይክራፎኑን ግን ላፕቶፑ ላይ ተወው፤ አብዛኛው ሞኒተር ጆሮ የለውም።

*

«ማክቡኬን ከሞኒተር ጋር ስሰካው ድምፅ ይመጣል፤ ግን ከኪቦርዱ መጨመርም መቀነስም አልችልም። ሌሊት ሕፃኑን ይቀሰቅስብኛል።»
ከቦሌ

አልተበላሸም። ማክ በኤችዲኤምአይና በዲስፕሌይ ፖርት ድምፅ ሲልክ መጠኑን ለሞኒተሩ ይተወዋል። ቁልፉን ስትጫኚ የተሰረዘ ክብ ምልክት የምታዪው ለዚህ ነው። በሞኒተሩ ቁልፍ ቀንሺው። በየጊዜው ጎንበስ ማለት ከሰለቸሽ «ሞኒተር ኮንትሮል» የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ በዚያው ኬብል ሞኒተሩን እያዘዘ ከኪቦርድሽ ያስጨምርሻል፣ ያስቀንስሻል። ሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ «ዲዲሲ ሲአይ» የሚለው መብራቱን አረጋግጪ፤ ካልበራ ትእዛዝ አይሰማም። ለዛሬ ሌሊት ግን ሕፃኑ ከተነሳ በሞኒተሩ ቁልፍ።

*

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው እስራኤል፣ ኔታንያ ነው። ልጄ እዚህ ነው የተወለደችው፤ አምስት ዓመቷ ነው። አማርኛ እንድትለምድ በትልቁ ሞኒተር የፊደል ቪዲዮ እከፍትላታለሁ። አንድ ወር ሙሉ ‹ሁ ሂ ሃ ሄ› እያለች ትቆጥራለች። ‹ሀ የታለች?› ስላት ‹የለችም› ትለኛለች። ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ እውነቷን ነው፤ ቪዲዮው ሲጀምር የመጀመሪያው ድምፅ አይሰማም። በስልኬ ስከፍተው ግን ሀ አለች።»

ይህን ደብዳቤ ሱቅ ውስጥ ጮክ ብዬ አንብቤው ሠራተኞቼ ሥራ ፈቱ።

ልጅሽ ልክ ናት። ሀን የበላው ሞኒተሩ ነው። በኤችዲኤምአይ የሚሄደው ድምፅ ለትንሽ ጊዜ ዝም ካለ መስመሩ ያንቀላፋል። አዲስ ድምፅ ሲመጣ ሞኒተሩ እስኪነቃ፣ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ እስኪለይና ማጉያውን እስኪከፍት ድረስ ከግማሽ ሰከንድ እስከ ሁለት ሰከንድ ያልፋል። በዚያ መሃል የተባለው ነገር ጠፋ። ዘፈን ላይ ማንም አያስተውለውም፤ መግቢያው ሙዚቃ ነው። ፊደል ላይ ግን የመጀመሪያው ድምፅ ሀ ናት።

የግራፊክስ ድራይቨሩን አዲስ ማድረግ አንዳንዴ ያስተካክለዋል፤ ሞክሪው። የሞኒተሩ ሜኑ ውስጥም ኃይል ቆጣቢ የሚል ነገር ካለ አጥፊው። ካልሆነ ደግሞ ድምፁን ወደ ላፕቶፑ ስፒከር መልሺው፤ እሱ አያንቀላፋም።

እስከዚያው ቪዲዮውን ክፈቺና «ሁ» እስኪል ጠብቂ። ከዚያ ሳታቆሚው ወዲያው ወደ መጀመሪያው ጎትተሽ መልሺው። መስመሩ አሁን ነቅቷል። ሀ ትሰማለች።